የድሪቶው ሆድ

ድሪቶ የምንሰፋው ከዳር ጀምረን፣ እየዞርን ወደ መሃል ነው። መሃሉ ሆዱ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ሩዝ ሳናጎርሰው አንዘጋውም።

ዬላፑር ከተማ ያለችው ልጄ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ለሕፃኗ ከአሮጌ ሳሪዎቼ የሰፋሁላትን ድሪቶ ይዤ የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ መሳፈር አለብኝ፤ ዛሬ ካመለጠኝ እስከ ሰኞ ሌላ የለም።

ሩዙን አጉርሼ፣ ሆዱን ዘግቼ ብድግ ልል ስል የለበስኩት ሳሪ ያዘኝ። ከድሪቶው ጋር አብሬ ሰፍቼዋለሁ።

ጎረቤቴ ካቱምቢ ሳቀች። «አንቺ ናታሊና፣ ለልጅ ልጅሽ አያቷን ጠቅልለሽ ልትልኪላት ነው?»

ሰፊ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ክሩን ቆርጬ ልነሳ ስል አሁንም ያዘኝ። ይሄኛው ስፌት ቀይ ነው፤ እኔ የሰፋሁት በነጭ ክር ነው።

«ቀልድሽን ተዪኝ እስቲ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

«በምን እጄ ልቀልድ?» ብላ እጆቿን አሳየችኝ። እስከ ክርኗ ሊጥ ነው።

እሱንም ቆረጥኩ። መርፌዬን ክር ጥቅሉ ላይ ሰክቼ ወዲያ አስቀመጥኩ። አሁንም አልለቀቀኝም። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ጥሩንባ ነፋ።

ካቱምቢ ሳቋን አቁማ ጭኔን ታያለች። ቀዩ ስፌት ከሳሪዬ ዳር ተነስቶ፣ እየዞረ ወደ መሃል ይመጣል። ክሩን የሚስብ እጅ የለም።

«ናታሊና፣ ተነሽ እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ምላሴ ላይ ጥቂት ፍሬ ጥሬ ሩዝ አገኘሁ።