ወደ ነበረበት መልስ

ሰውየው መነጽር ሠሪ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ዓይን ይለካል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አብራሪ ነው። ሴት ልጁ አግብታ ከወጣች ወዲህ መኝታ ቤቷን የበረራ ሲሙሌተር አድርጎታል፤ አንድ መሪ፣ ሁለት ፔዳል፣ ሦስት ስክሪን። የሚበረው በኮምፒውተር ብቻ ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር ያዞረዋል።

ሚስትየው የሒሳብ አስተማሪ ናት። ዓይን አፋር ስለሆነች ስለ እሷ የሚነገር ብዙ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ትጋግራለች።

ሰውየው የሲሙሌተር አብራሪዎች ማኅበር አባል ነው። አባላቱ በየቤታቸው ተቀምጠው አንድ ሰማይ ላይ ይበራሉ። ከመሬት የሚመሯቸው ተቆጣጣሪዎችም እንዲሁ በየቤታቸው ያሉ፣ ፈተና አልፈው የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ንግግሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ ስም አይጠራም። ሰውየውን ሦስት ዓመት የመሩት ተቆጣጣሪ ጥብቅ ናቸው። "እርስዎ" ብሎ ሲጽፍላቸው ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ ይላል።

እኚሁ ተቆጣጣሪ በመጪው ቅዳሜ ሊፈትኑት ነው። ካለፈ ካፒቴን ይባላል።

ችግሩ ምስሉ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ሲጠጋ ስክሪኑ ይቆራረጣል፤ መሬቱ ዘለል ዘለል እያለ ይመጣል። ሰውየው ሁለት ጊዜ የገበያ አዳራሽ ላይ አርፏል።

መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ አገኘ፦ ባዮስ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃው፣ ማሽኑ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው ክፍል ነው። ገባና አሥራ አንድ ነገር ባንድ ጊዜ ቀየረ። አንዱንም አልጻፈም። ከዚያ በኋላ ማረፊያው ብቻ ሳይሆን ሰማዩም ይቆራረጥ ጀመር።

"ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሰህ አንድ በአንድ ብትሞክረውስ?" አለችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ።

"አንቺ ደግሞ! የቴሌቪዥን ሪሞት መሰለሽ እንዴ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው" ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ጭንቁን ለተቆጣጣሪው ጻፈላቸው። መልሱ ብዙም አልቆየም።

"ሁሉንም ወደ ነበረበት መልስ። ከዚያ የሜሞሪውን ፍጥነት ብቻ ከፍ አድርግ። ሞክር። ጻፈው። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንድ በአንድ።"

ምክሩን በትልልቅ ፊደል ገልብጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እንደተባለው አደረገ። ሜሞሪው ፍጥነቱን ሲያገኝ መቆራረጡ በግማሽ ቀነሰ። ፕሮሰሰሩ በየመሃሉ እንዳያሸልብ ሲከለከል ቀሪው ጠፋ።

"አየሽ? የሚያውቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው!" አላት፣ ወረቀቱን በጣቱ እየመታ።

"እውነትህን ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። ወዲያው ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ነገሩ ያኔ ከነከነው። ከዚያ ወዲህ ይከታተላት ጀመር። ስትጽፍ ፈገግ ትላለች። እሱ ሲገባ ትደብቃለች። የስልኳ መስታወት ላይ የዱቄት አሻራ አለ፤ እያቦካች እንኳ አትተወውም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ዓይን የለካ ሰው ይህ አያመልጠውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ተነሥቶ ከፍታ ያዘ። ሰማዩ አንድም ቦታ አልተቆራረጠም። እሱ ግን እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ተቆጣጣሪው መልእክት ዞረ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የግል ጉዳይ ነው" ብሎ ጻፈ። "ባለቤቴ ከሆነ ሰው ጋር ትጻጻፋለች።"

መልስ እስኪመጣ አንድ ሙሉ ደመና አለፈ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"በዓይኔ አይቻለሁ። ስትጽፍ ትስቃለች።"

"አንተ ስታወራትስ?"

"እኔማ መቼ አወራታለሁ፤ በረራ ላይ ነኝ።"

"ከፍታህን ጠብቅ።"

"ዛሬ እንዳረፍኩ ስልኳን እቀበላታለሁ። ሰውየውን ካገኘሁት ልብሴን ሸክፌ እወጣለሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?"

በር ተንኳኳ።

"ክፈቺ እንጂ! አየር ላይ ነኝ!" ብሎ ጮኸ።

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ሚስትየው ደጅ ወጥታ ቆጣሪው ያለበትን አሳየችው፤ አንባቢው ወሬ ይወዳል፣ ቶሎም አልለቀቃትም። ተቆጣጣሪውም ዝም አሉ። ያለ ፈቃድ ማረፍ አይቻልምና ሰውየው ማረፊያው ላይ አራት ጊዜ ዞረ። "ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስለ ትዳሬ እያሰቡልኝ ነው" ብሎ ተጽናና።

በመጨረሻ ጽሑፉ መጣ።

"ለማረፍ ተፈቅዶልሃል። ፍጥነትህን ቀንስ። አትቸኩል።"

አልቸኮለም። ማረፊያው ሳይዘል፣ ሳይቆራረጥ፣ ቀስ እያለ መጣለት። ጎማው መሬቱን ነካ።

"አልፈሃል፣ ካፒቴን። ሞተርህን አጥፋ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ለማንም የለኝም" ብሎ ጻፈ። ሞተሩን አጠፋ። ስክሪኖቹን አጠፋ። ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ ስልኳ እጇ ላይ ነው። ዛሬ አልደበቀችውም።

ካፒቴኑ እጁን ዘረጋ። "ንገሪኝ፤ ለማን ነው ስትጽፊ የምትውዪው?"

"ለአንተ" አልኩት።