የስውሯ ዝናብ

ፀጉር አስተካካዩ የስውሯ ዘፈን በሬዲዮ ከተለቀቀ መቀሱ ባለበት ይቆማል። ግማሽ ራሱን ብቻ ተቆርጦ ሠርግ የሄደ ደንበኛ አለ።

ስውሯ አንድ ካሴት አውጥታ የጠፋች ዘፋኝ ናት። ሽፋኑ ላይ ፊቷን በሁለት እጇ ከልላለች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። የአድናቂዎቿ ማኅበር ሊቀ መንበር ፀጉር አስተካካዩ ነው። ማኅበሩ ሲሰበሰብ የሚናቆረው በአንድ ነገር ነው፤ በሦስተኛው ዘፈን መሀል፣ ከኋላ ዝናብ ሲወርድ፣ ዜማዋን አቋርጣ "ኧረ ክዳኑን!" ትላለች። ፋርማሲስቱ የሬሳ ሣጥን ክዳን ነው ይላል። ሊቀ መንበሩ የልብ ክዳን ነው ባይ ነው። በዚህ የተነሳ ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገዋል።

ሚስቱ ክርክሩ ውስጥ የለችበትም። አንዴ ትርጉሙን ሲያስረዳት ሳቅ አፍኗት ወጥታ ሄዳለች። ሳህን እያጠበች ዘፈኑን ካንጎራጎረች ደግሞ፣ "እባክሽ እናቴ፣ ዜማ አልተፈጠረልሽም፤ አታበላሺብኝ" ይላታል። ሳህኑን ማጠቧን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ቆዳ የደደረ ሴትዮ ፀጉራቸውን ሊያሳጥሩ ገቡ። ግድግዳው ላይ ካሴቱን ሲያዩ እንባ ቀደማቸው።

"ያኔ ልጆች ነበርን" አሉ።

ሊቀ መንበሩ ሌላ አልጠየቀም። ማኅበሩን ሰብስቦ ስውሯን አገኘኋት አለ።

"ባትሆንስ?" አለ ፋርማሲስቱ።

"ወንበሬን ውሰዳት። እኔ እሷን ከሺህ ሴት መሀል ስታስነጥስ እለያታለሁ።"

እሑድ ምሳ ሰዓት፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ማኅበሩ ቤቱን ሞላው። ሚስትየዋ ከልጃቸው ጋር ጓዳ ገብታለች። እንደ ልማዷ ሾርባውን እንዳታስገነፍል፣ በተለይ ደግሞ እንዳታንጎራጉር ተነግሯታል፤ እንግዳዋ ዘፋኝ ናቸዋ።

ፋርማሲስቱ ጥያቄውን አዘነበ። እንግዳዋ አንዱንም አልሳቱም። አንድ ጊታር ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ክሩ የተበጠሰ። የተቀዳው ሰው ቤት ነው፤ ለስቱዲዮ ማን አቅም ነበረው?

"'ክዳኑን'ስ?"

እንግዳዋ ፈገግ አሉ። "እሱማ ለእኔ የተባለ ነው።"

"ሰማችሁ?" አለ ሊቀ መንበሩ። "ለራሷ! ለልቧ!"

ፋርማሲስቱ ግን ለሊቀ መንበሩ ወንበር ቋምጧል። መጀመሪያ ካሴቱ ይሰማ፣ ከዚያ እሳቸው ይድገሙትና ድምፅ ከድምፅ እናስተያይ አለ። ሊቀ መንበሩ ካሴቱን ከማኅደሩ አውጥቶ በእጅጌው ወለወለው። በማኅበሩ ደንብ ስውሯ ስትሰማ ዓይን ይጨፈናል፤ ሁሉም ጨፈነ። እንግዳዋ ብቻ የጓዳውን መጋረጃ ያያሉ።

ዝናቡ ፍሽሽሽ አለ።

"ኧረ ክዳኑን!"

ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ ታክሲ ነጂው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ፋርማሲስቱ መሐረቡን አወጣ። "ዛሬስ" አለ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ "እዚሁ አጠገቤ ያለች ነው የመሰለኝ።"

ካሴቱ ገና በሊቀ መንበሩ እጅ ነበር።