የጭራ ሰላምታ

ሰላዩ ዛፍ ላይ ወደተሠራው የባለጭራዎቹ መንደር ከመውጣቱ በፊት የጉሬዛ ጭራ ወገቡ ላይ በሙጫ ለጠፈ። ጭራ የሌለው ሰው ከቅርንጫፍ ይወረወራል ሲባል ሰምቷል። እነሱ ሰላም የሚባባሉት አንዱ የሌላውን ጭራ ጨብጦ መሆኑን ግን አልሰማም።

እላይ ሲደርስ የመንደሩ አለቃ የሰላዩን ጭራ ጨብጦ ወዝወዝ ቢያደርገው እጁ ላይ ቀረ።

“በእናትዎ፣ አይወርውሩኝ!” አለ ሰላዩ።

“ቀስ በል!” አለ አለቃው ዙሪያውን እየቃኘ። ከዚያ ቀሚሱን ገለጥ አድርጎ የራሱ ጭራ የታሰረበትን ገመድ አሳየው። “ሙጫ አይበረክትም። ሁላችንም በገመድ ነው የምናስረው።”

“ታዲያ ባለጭራዎቹ የት ሄዱ?”

አለቃው ወደ ላይ ጠቆመው። አንዲት አሮጊት በጭራቸው ተንጠልጥለው፣ እያንጎራጎሩ ፍሬ ይለቅማሉ።

“እማማ ሐረግ ናቸው” አለ አለቃው። “ብቻቸውን እንደቀሩ አልነገርናቸውም።”