ጠይቀው እምቢ ይበሉ

"እኔ የማንም መሞከሪያ አልሆንም!"

የኔታ ሰይፈ ሥላሴ ይህን ሲሉ ጋሸና ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው...

የኔታ በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ አባት ናቸው።

የደም ካንሰር አለባቸው... ለዓመታት ደህና አድርጎ ያቆያቸው ክኒን ዘንድሮ አልሠራ አለ።

ሐኪሙ "በጥናት ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት አለ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ..." ሲላቸው ሳያስጨርሱት ተነስተው ወጡ።

አሁን ከልጃቸው ከጽጌማርያም ጋር ከሆስፒታሉ ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ነጅሚያ የጾም ምግባቸውን ስታቀርብ ጽጌማርያም እያለቀሰች ሁሉን ነገረቻት።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት?" አለቻቸው ነጅሚያ።

"አልጠየቅሁትም።"

"እንግዲያስ ተመልሰው ይጠይቁት! የፈሩትን ሁሉ... እምቢ ካሉም ጠይቀው እምቢ ይበሉ።"

የኔታ በልተው ጨረሱ... ከዚያ ልጃቸውን "ተነሽ፣ እንመለስ" አሏት።

ሐኪሙም አስረዳቸው።

"ካንሰር የራስዎ ሴል ነው የኔታ፤ 'ተባዛ' የሚለው ትእዛዝ አልቆም ብሎት ነው። የድሮው ክኒን ትእዛዙን ይዘጋው ነበር። ሴሉ መልኩን ሲቀይር ክኒኑ አልገጥም አለው። አዲሱ የተሠራው ለተቀየረው መልክ ነው። ላይሠራም ይችላል... በፈለጉ ቀን ማቆም ይችላሉ።"

የኔታ ሐኪሙ ምሳውን እስኪረሳ ጠየቁ... ጠየቁና ፈረሙ!

ወራት አለፉ... አንድ ቀን ሐኪሙ እንዲህ አላቸው።

"የኔታ፣ በሽታውን ደምዎ ውስጥ ፈልገን አጣነው! ክኒኑን ግን እንዳያቋርጡ።"

ጋሸና ሲደርሱ መኪናው ሳይቆም ሊወርዱ ምንም አልቀራቸው!

ነጅሚያ ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው... ምሳ ላይ የነበሩት ሹፌሮች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

"ልጄ፣ ያንን ምክር ግን ከየት አመጣሽው?"

ነጅሚያ ሳቀች።

"እኔም ያው በሽታ አለብኝ የኔታ... እዚያው ጥናት ውስጥ ከእርስዎ በፊት የገባሁ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ቆሜ አበላለሁ!"

የኔታ አፋቸውን ያዙ...

"ታዲያ ያን ቀን ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርዎ 'ለሷ ከሠራ ለኔም ይሠራል' ብለው ይገቡ ነበር። የኔ ደም ሌላ፣ የእርስዎ ሌላ... በራስዎ ልብ ይወስኑ ብዬ ነው።"

የኔታ ከመቀመጫቸው ተነስተው መረቋት... ጽጌማርያም አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ወዳጆቼ... ፍርሃት ሲይዘን ከመሸሽ በፊት እንጠይቅ። ደግሞም ከምንውጠው መድኃኒት ጀርባ "እሺ፣ እኔ ልጀምር" ያሉ የማናውቃቸው ሰዎች አሉ... ምርቃት ይገባቸዋል!

እስቲ ንገሩኝ... በነጅሚያ ቦታ ብትሆኑ ያን ቀን ምስጢራችሁን ትነግሯቸው ነበር ወይስ እንደሷ ዝም ትሉ ነበር? 👇