የግራ ጆሮ ሎቲ

የሕፃናት ደም ሐኪሙ ከቆላ የመጣ ወንድ ልጅ ሲቀርብለት፣ ከዓይኑ በፊት ጆሮውን ያያል። ተማሪዎቹ ይህን አመሉን ለምደውታል። ልጁ ባንድ ጆሮው ሎቲ ካደረገ ከፊቱ የተወለዱት ሞተዋል ማለት ነው፤ ሎቲውን እናቱ ያንጠለጠለችለት ሞት እንዳያውቀው ብላ ነው።

የዛሬውም ልጅ ሎቲ ነበረው። አጥንቱን እየቆረጠመው እናቱ ጭን ላይ ያቃስታል። አባትየው ግን በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ሾተላይ ያለባት እሷ ናት፤ ልጆቼን የፈጀችብኝ። ከእንግዲህ ከቤቴ ትውጣልኝ።»

ሐኪሙ እጁን ይዞ አስገባው፤ ቀደም ብሎ የተመረመረውን የሦስቱንም፣ የልጁን፣ የእናቱንና የእሱን፣ የደም ውጤት አሳየው።

«ስማኝ ወንድሜ፤ ልጆችህን የፈጀው ይህ የደም በሽታ ልጅ ላይ የሚወጣው ከእናትም ካባትም ሲወርስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ ነው። ግማሹ ያንተ ነው።»

ሰውየው አቀረቀረ። ሴትዮዋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«እንግዲያው ዶክተር፣ ሎቲውን ላውልቅለት?»

«ተይው፣ ይቆይ» አለ ሐኪሙ ፈጥኖ። ተማሪዎቹ ተያዩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ከሽበቱ ሥር፣ ግራ ጆሮው ላይ፣ ሊደፈን የተቃረበ አሮጌ ቀዳዳ ነበር።

«የእርስዎንስ ማን አወለቀው?»

ሐኪሙ ሲመልስ የሚያየው ባልየውን ነበር።

«አባቴ። እናቴን ያባረራት ዕለት፤ ሾተላዩ አብሯት ሄደ ብሎ።»