የአባት ስም

«አምላኩ የሚለውን ሰርዘህ ላቀው በለው» አለችው ያይኔአበባ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

የመድረክ መሪው ሃይለ ሚካኤል እስክሪብቶውን አወጣ፤ ግን አልጻፈም። በአዳራሹ ግድግዳ የተሰቀለው ባነር «ያይኔአበባ አምላኩ፣ የ2002 ዓ.ም. የቁንጅና ንግሥት» እንደሚል፣ የምስክር ወረቀቱም በዚሁ ስም ታትሞ እንዳለቀ በትሕትና አስረዳት። ሰው ግራ አይጋባም ወይ ሲልም ጠየቃት።

«እኔን ብሎ የመጣ የለም፤ ማን ግራ ይጋባል?» አለችው። «ደግሞም የአባቴ ስም ነው።»

ይኼን ሲሰማ ሰረዘና ጻፈ።

እውነቷን ነው። አያ አምላኩ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እዚሁ ፍኖተ ሰላም ስትማር የምትኖረው እሳቸው ቤት ነበር። የውድድሩ ቅጽ የአባት ስም ሲጠይቃት እጇ ተያዘ። አባቷ መሪጌታ ላቀው በገበዝ ማርያም ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ ልጃቸው ቁጥር ለጥፋ ሕዝብ ፊት ወዲያ ወዲህ ስትል ስማቸው በማይክራፎን ቢጠራ ሞታቸው ነው። አያ አምላኩ አጠገቧ ቆመው እጇ ሲያመነታ አዩና፣ «የኔን ጻፊው» አሏት። «ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስም ነው።» ትዳር ይዘው ልጅ አልወለዱም።

ጻፈች፤ አሸነፈችም። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበዝ ማርያም ገባ። ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄድ መሪጌታ አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በተሻላት። ከማዕዱ ላይ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አምላኩ ልጅ ወልዷል አሉ፤ ደስ ይበለው» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ «ልጄ» ብለው ጠርተዋት አያውቁም። በመጣች ቁጥር «የአምላኩ ልጅ መጥታለች፣ እህል አቅርቡላት» ይላሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር አይሰማም። ባለፈው ጥቅምት እንዲሁ እንዳሉ ሞቱ።

ስለዚህ ከቡሬ የመጣችው ለንግሥትነቱ አይደለም። ቡሬ ላይ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ እጮኛ ነበራት፣ ሄደ። ቁንጅናዋን የሚያነሳባት ሰው ካጣች ቆይታለች፤ እሷም አልቆጫትም። የቀድሞ አሸናፊዎች መድረክ ላይ ይጠራሉ ተብሎ ስልክ ሲደወልላት አንድ ነገር ብቻ ነው ልቧ የተመኘው፤ አባቷ በተካዱበት በዚያው መድረክ ላይ የላቀው ልጅ ተብላ መጠራት።

ወረቀቱን አሳርማ ወደ መድረኩ ጥግ ስትመለስ ከኋላ ወንበሮች በኩል አንድ ሽማግሌ ተነሡና እጇን ያዙት።

«ይች ያይኔ አይደለችም?»

አያ አምላኩ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ገበዝ ማርያም ነው፤ ማን እንደ ነገራቸው እንጃ፣ እሷስ አልነገረቻቸውም። በዚያ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው እየዳበሱ፣ መኪና ቀይረው መጥተዋል። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ፊቷን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩና አገላብጠው ሳሟት። በዙሪያቸው የተቀመጠው ሰው ሁሉ በፈገግታ አያት፤ ልጄ ትጠራለች ብለው ለረድፉ ሁሉ ነግረው ኖሯል።

«ከፊት ይቀመጡ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ» አሏት። «ማየቱንስ አላየው። ከኋላ ሁኜ ስሙን ስሰማው ይበቃኛል።»

«አያ፣ ስሙን እኮ…» ብላ ጀመረች። ሙዚቃው ተለቀቀና ዋጣት። እሳቸውም እንዳያልፏት ፈርተው በትራቸውን ወደ መድረኩ እየጠቆሙ ሂጂ፣ ሂጂ አሏት።

ሄዳ ከቀድሞዎቹ ንግሥቶች ጋር ተሰለፈች። ሰልፍ ከተባለ ነው፤ የመጡት ሦስት ናቸው። የ1999ኟ ልጅ አዝላለች፤ የ2001ዷ አዲስ አበባ ሆና ፎቶዋን ልካለች። ሃይለ ሚካኤል በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን እየጠራ ነው። ሄዳ «ተወው፣ እንደ ነበረው በለው» ልትለው ትችላለች። ጊዜም ነበራት። ባለ ልጇ ወጣች፤ ተጨበጨበ። የ2000ዋ ወጣች፤ ዘመዶቿ እልል አሉ። ያይኔአበባ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አፍራለች፤ ግን አባቷን ፈለገች።

«የ2002 ዓ.ም. የቁንጅና ንግሥታችን፣ ያይኔአበባ ላቀው» አለ ሃይለ ሚካኤል።

ሰዉ ባነሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ትንሽ አጨበጨበ። መቀነት የመሰለውን ሪባን ትከሻዋ ላይ አጠለቁላት፣ የምስክር ወረቀቱን ሰጧት። ስሙ ተጠርቶ አለቀ። ለዓመታት ይሞላልኛል ብላ የጠበቀችው ቦታ እንዳለ ባዶ ነው። ጠሪው ጠራ እንጂ መሪጌታ አልሰሙ። የሰሙት አያ አምላኩ ናቸው።

ፎቶው እንዳበቃ ቸኩላ ወረደች። የዘንድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች በየቁጥራቸው መውጣት ጀምረዋል። ወረቀቱ ላይ የእሳቸው ስም አለ፤ እሱን አሳያቸዋለሁ፣ ፊደሉን በጣታቸው አስነካቸዋለሁ እያለች በግድግዳው ጥግ ወደ ኋላ ሄደች። ከወንበራቸው ጀርባ ደርሳ እጇን ልትዘረጋ ስትል፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

«አባባ፣ የርስዎዋ ልጅ የትኛዋ ነበረች?»

አያ አምላኩ በትራቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ወደ መድረኩ እንዳዘነበሉ ናቸው።

«ገና ናት» አሉት። «አልተጠራችም።»