በገበያ መሐል የወጣ ቃል

ውባንቺ የሸክላ ተራውን ለሦስተኛ ጊዜ አለፈችው። እንደሚገዛ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንስራዎቹን ታያለች፤ ሸክላ ሠሪዋ ይርገዱ ከተቀመጠችበት ስትደርስ ግን እግሯ አልታዘዝ ብሎ ወደ በርበሬ ተራው ይዟት ይሄዳል። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ልጇ ዕንቁ ትወራጫለች። ነገ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ የወረታ ገበያተኛ ዛሬ ቶሎ ተበታትኖ ወደየቤቱ ይገባል። አንዳንዱ ከወዲሁ አህያውን መጫን ጀምሯል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት መግቢያ ነው። ዕንቁ በትኩሳት ነድዳ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ውባንቺ ልጇን ታቅፋ እዚሁ ገበያ መሐል ጮኸች። “ይርገዱ ናት! ማሰሮ ልመርጥ ጎንበስ ስል አየቻት! ልጄን በላችብኝ!” በማግሥቱ ጤና ጣቢያ የልጅቱ ደም ሲመረመር ወባ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ወሰደች፤ ሳምንት ሳይሞላት ዳነች።

ቃሉ ግን ወጥቶ ቀረ። ቁሐር ሚካኤል ደረሰ፣ ይፋግ ተሻገረ። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የሚገዛ ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ውባንቺም ይህን ሁሉ እያየች ዝም አለች።

ትናንት ለበዓሉ ልቁረብ ብላ ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ገብረ ኪዳን ተናዘዘች። ወንጌሉ መባሽን ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ እንደሚል ነገሯት።

“እሺ አባቴ፤ ማታ ቤቷ ገብቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ” አለች።

“ስሟን ያጠፋሽው ቤቷ ገብተሽ ነው?”

“አይደለም አባቴ። ገበያ ላይ ነው።”

“እንግዲያ መንገዱን ታውቂዋለሽ” አሏት።

“ምን ያዞርሻል እዚህ?” የሚል ድምፅ አሁን በርበሬ ተራው ላይ ከኋላዋ አስደነገጣት። የባሏ እህት ድንቅነሽ ናት፤ ባዶ ስልቻዋን በብብቷ ይዛለች። “ያውም ልጅቱን አዝለሽ!”

“ላናግራት ነው።”

“ማንን?” ድንቅነሽ ወደ ሸክላዎቹ አየችና ገባት። “አብደሻል! አገር ያወቀውን ነገር ዛሬ ተነስተሽ ሐሰት ነው ብትይ፣ መሳቂያ የምንሆነው እኛ ነን።”

“ለአገሩ ያሳወቅኩት እኔ ነኝ” አለች ውባንቺ፤ ይህን ካለች በኋላ ቆማ መቅረት አልቻለችም፤ ወደ ይርገዱ አመራች።

ይርገዱ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ሕፃኗን ነው። ወዲያው ፊቷን ከኋላዋ ወዳለው ግንብ አዞረች። “ልጅሽን አርቂ” አለች፤ አልጮኸችም። “ኋላ አመማት ትያለሽ።”

ውባንቺ ሌሊቱን ስታሰናዳው ያደረችው ንግግር ከአፏ ጠፋ። አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ ለራሷም ባዕድ ሆነባት።

“ስሙኝማ! በጥቅምት እዚህ ቆሜ፣ ይርገዱ ልጄን በላችብኝ ያልኩት ሐሰት ነው! ልጄን ያመማት ወባ ነው። በማግሥቱ አውቄዋለሁ። አውቄም ዝም አልኩ።”

የበርበሬ ሻጮቹ መስፈር አቆሙ። አንዱ ሳቀ። ድንቅነሽ መሬቱ ላይ እንትፍ አለችና ትታት ሄደች። ውባንቺ በጉልበቷ ወደቀች።

“እት ይርገዱ፣ ስለ ሚካኤል ብለሽ ይቅር በይኝ።”

ይርገዱ ፊቷን መልሳ ከላይ እስከ ታች አየቻት። “ባፍሽስ መልካም አልሽ” አለች። “እጅሽ ግን ሌላ ይላል።”

ውባንቺ ያኔ ነው ያወቀችው። ግራ እጇ ወደ ኋላ ዞሮ የነጠላዋን ጫፍ ዕንቁ ፊት ላይ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። መቼ እንደያዘ አላስታወሰችም። ሐፍረቱ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ አቃጠላት። አንቀልባውን ፈታች፤ ልጅቱን አውርዳ ወደ ይርገዱ ዘረጋቻት።

“እየፈራሽ ነው እኮ” አለች ይርገዱ።

“ፈርቻለሁ። ፈርቼም ቢሆን ያዥልኝ።”

ይርገዱ ጭቃ የሰነጣጠቀውን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገችው። ከዚያ ሕፃኗን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ዓይኗን አየቻት። ዕንቁም አፍጥጣ አየቻት። ውባንቺ ወባ መሆኑን በጆሮዋ ሰምታለች፤ የጤና ጣቢያውንም ወረቀት በእጇ ይዛለች፤ ልቧ ግን ቀሚያት፣ ቀሚያት ይላታል። ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ወትፋ ከእንስራዎቹ መሐል ተቀመጠች።

ሰው እያያቸው ያልፋል። የቆመ የለም። ዕንቁ የይርገዱን የአንገት ማተብ ስትጎትት ቆየችና እንቅልፍ ወሰዳት። ይርገዱ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ልጅቱንም አልመለሰችም።

ከሩቅ የመጣች የምትመስል፣ ወሬውን ያልሰማች አንዲት ባልቴት ዘንጓን እየተመረኮዘች መጥታ ፊታቸው ቆመች። እንስራዎቹን አየች፤ ቀጥሎ አቧራ የለበሰችውን ውባንቺን።

“እጅሽ ይባረክ ልጄ” አለቻት። “ይህን የሠራሽው አንች ነሽ?”

የበርበሬ ሻጮቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሸክላ ሠሪ መባል በዚህ አገር ቡዳ እንደሚያሰኝ ውባንቺ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አይደለሁም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

“እሷ ናት የሠራችው” አለች። “እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ለእኔም ትሠራልኛለች።”

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ ትልቁን እንስራ በጣቷ አንኳኳችው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ዕንቁ በእንቅልፏ ደንገጥ አለችና የይርገዱን ቀሚስ ጨብጣ ያዘች።